የዳልቻ መንጠፍ

ሌሊት ሲያክ ድምፁ እንደ ጎተራ አይጥ
ፍቅ ፍቅ ይላል፤ እኔ አልተኛ፣ ጆሮዬ ሲያደምጥ።
እጁን እይዘዋለሁ፤ በእንቅልፉ ይታገለኛል፣
የሦስት ዓመት ክንድ እንዲህ ይበረታል? ያሸንፈኛል።

ከክርኑ እጥፋት፣ ከጉልበቱ ጓሮ፣
ችፌው ውሃ ቋጥሮ፤
ሆዱ ደግሞ ከበላ በኋላ ከበሮ፤
እግሩን ሰብስቦ ያለቅሳል፣
ያጠብኩትን ጨርቅ ሳላሰጣ ሌላው ይደርሳል።

«ዓይን ነው» አሉኝ፤ ጤናዳም ታሰረ ባንገቱ፣
«ምች ነው» ሲሉኝ ዳማከሴ ጨመቅኩ፣
«ጥርስ ነው» አሉ ደግሞ፣ ጥርሱ ካለቀ ዓመቱ!
አማቴ በኔ ፈረዱ፦ «አርግዘሽው ሳለሽ ምን አምሮሽ ቀረ?»
ያማረኝ ግብጦ ነበረ፤
ከቢቸና ገበያ በጣሳ ገዝቼ ጠገብኩት፣ አልቀረ።

ደብረ ማርቆስ ወስደን ቅባት ተሰጠን፤
ቅባቱ ሳያልቅ ችፌው ተመለሰብን።
በሦስተኛው ጉዟችን ግን አንዲት ሲስተር፣ ታንጉት፣
ቁስሉን ትታ «ምን ይበላል?» አለች።
«ሁሉን» አልኳት።
«ሁሉን የሚባል ምግብ የለም» አለችኝ።
«አንድ አንዱን አንሺና ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቂ፤
መልሰሽም ስጪና እዪ። ደግሞ ጻፊ፣ አትናቂ።»

እኔ መጻፍ አልችልም። ትልቋ ልጄ የዝና
ከሒሳብ ደብተሯ ጀርባ መስመር አሰመረችና፣
ምን በላ፣ መቼ አከከ፣ ሆዱስ፣
ማታ ማታ በኩራዝ ትሞላለች።
መምህሯ አይተው «ይህ የማን ሒሳብ ነው?» ቢሏት፣
«የወንድሜ» ብላ ዝም አለች፤ እሳቸውም ተዉላት።

ስንዴ አነሳን። ዳቦ ባየ ቁጥር አለቀሰ፣
ችፌው ግን አልቀነሰ።
እንቁላል አነሳን። ዶሮዬ ስታስካካ ገላመጥኳት፣
ባልሠራችው ጠላኋት።

ወተትን ማን ይጠረጥራል?
ዳልቻን ጊደር ሳለች፣ በክርስትናው ዕለት፣
አበልጄ ፈንቴ ናቸው ገመዷን ያስጨበጡለት።
የሱ ላም፣ የሱ ጮጮ።
ሲከሳ ወተት፣ ሲያለቅስ ወተት፤
ቅቤዋን እንኳ ቁስሉ ላይ ቀባሁለት።

መጋቢት ላይ ዳልቻ ነጠፈች።
ጎረቤት ለፋሲካ ቅቤ ያጠራቅማል፣
ወተት አበድሩኝ እንዴት ይባላል?
ለአለኸኝ ሽሮ በእንጀራ፣ ድንች በተልባ፤
እኔም «ልጄ ሊከሳብኝ ነው» እያልኩ ሳነባ፣
በአሥራ አንደኛው ሌሊት ነቃሁ። ዝም ብሏል።
ደንግጬ መዳፌን አፍንጫው ሥር አኖርኩ።
ይተነፍሳል።
አይጧ የለችም።

የዝና በማለዳ ጣቷን በመስመሩ ቁልቁል ወሰደች፣
«እማ» አለች፣ «ዳልቻ ናት።»
«ዝም በይ!» አልኳት፣
በረት ያለችው እንዳትሰማት።

ሰኔ ላይ ወለደች። ሲስተሯ «መልሰሽ እዪ» ብላኝ የለ?
እንገሩ ካለፈ በኋላ ግማሽ ሲኒ ሰጠሁት፤
እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እሱ ግን ከንፈሩን እየላሰ ሳቀልኝ።
በማግሥቱ ክርኑ ቀላ፣
በሦስተኛው ሌሊት አይጧ መጣች፣ ጎተራዬን ልትበላ።

ባሌ ምንይችል «ትሸጥ» አይልም፤ እኔም አልልም።
ወተቷን ለሻይ ቤት እንሰጣለን፣
ብሩን በአተር፣ በባቄላ፣ በጎመን እንለውጠዋለን።
አለኸኝ የጥጃውን አፍ ከጡቷ ያገጥማል፣
«እሱን አያሳክከውም» ይላል።

አበልጄ ፈንቴ ለሐምሌ አቦ መጡ፤
«ላሜ ለልጄ እንዴት ናት?» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።
«ደግ ናት» አልኩ። አልዋሸሁም።
ሰጥታ ሳይሆን ነጥፋ እንዳዳነችው ግን
እንዴት ብዬ? እስካሁን አልነገርኳቸውም።